ስኳሬን ያወረደልኝ ደላላ

እናንተ ሰፈር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ በእኛ ሰፈር ግን ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም። ልደታ ውስጥ መንገድ ላይ የምታዩት ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ለመድረስ ነው የሚሄደው። ወይ ዕቃ ተሸክሟል፣ ወይ ታክሲ ሊይዝ ነው፣ ወይ ለቅሶ ሊደርስ ነው፣ ወይ የሚሸሸው ሰው አለ። ምንም ሳይዝ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ ፈጠን ፈጠን ብሎ ሄዶ ሄዶ የተነሣበት ቦታ ተመልሶ የሚቆም ሰው ካያችሁ፣ ወይ አንድ ነገር ሆኗል ወይ ደግሞ እኔ ነኝ።

እኔ የምሄደው ሐኪም አዞኝ ነው።

አብነት ላይ ሞባይል እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የሞቱ ስልኮችን እየፈታሁ፣ መልሼ መግጠም እያቃተኝ፣ ገጥሜ ስጨርስ የተረፈችኝ ብሎን ከየት እንደወጣች እያሰብኩ ነው የለመድኩት። ዛሬ ብሎን አይተርፈኝም። ከላይ የወጣውን ከላይ፣ ከታች የወጣውን ከታች አድርጌ ማግኔት ላይ እደረድራለሁ። አጠገቤ የስልክ ሽፋን የሚሸጠው ጓደኛዬ ሚኪ፣ "አንተ እኮ ስትሞትም የሣጥኑ ክዳን መግጠሙን አረጋግጠህ ነው የምትገባው" ይለኛል።

እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን አንዷን ብሎን ሁለት አድርጎ አየ።

ዓይኔን አሸሁ፤ ሁለት ናት። አምፖሉን ቀየርኩ፤ ሁለት ናት። ማጉያዬን ወልውዬ ብመለስ ከነመንታዋ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። በዚያ ላይ ውሃ ጥሙ! ጠጥቼ ጠርሙሱን ሳስቀምጥ እንደገና ይጠማኛል። የጋራ ሽንት ቤታችን ቁልፍ ሚስማር ላይ መሰቀሉን ትቶ ኪሴ ውስጥ መኖር ጀመረ። ሚኪ "ጀለሴ፣ ለምን ወንበርህን እዚያው አታስገባም?" ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ጣቴን ወጉኝ። ሐኪሟ መለኪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ መለኪያውን አየች። ልጅ እግር ናት፤ በዕድሜ ብንበላለጥ በትንሽ ነው።

"ከቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው አለ?"

"አባቴ ነበረበት።"

"ጣፋጭ ነገር ትወዳለህ?"

 የዚህ መልስ ቀላል አልነበረም። እኔ ጣፋጭ ነገር አልወድም። እኔ የምወደው ሰናይትን ነው።

ሰናይት ከአብነት ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጁስ ቤት ትሠራለች። ጁስ ቤት ደግሞ እንደ እኔ ላለ ሰው ክፉ ቦታ ነው። ሻይ ቤት ብትሠራ ኖሮ አንድ ሻይ ይዤ፣ እስኪበርድ እየጠበቅሁ፣ ከበረደ በኋላም እየተከዝኩበት ግማሽ ቀን እቀመጥ ነበር። ጁስ አይተከዝበትም። በማንኪያ ይበላል፣ ያልቃል፤ ካለቀ በኋላ ተቀምጦ ባዶ ብርጭቆ ማየት ያሳፍራል። ስለዚህ ሌላ ይታዘዛል። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ፣ ከሥራ ስወጣ አንድ፣ ሥራ በቀዘቀዘ ቀን መሃል ላይ ሌላ አንድ።

የማዘው ስፕሪስ ነው። ለምን ብትሉ ለመሥራት ጊዜ ይፈጃል። አቮካዶው ከታች፣ ፓፓያው ከመሃል፣ ማንጎው ከላይ ሳይቀላቀሉ መደርደር አለባቸው። ሰናይት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ መስመሩን ታየዋለች፤ ከተዛነፈ በማንኪያዋ ጀርባ ታስተካክለዋለች። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ እጅ አይቼ አላውቅም። ስትጨርስ በላዩ ላይ ቀዩን ሽሮፕ ታፈስበታለች፤ ለሌላው ሰው ጠብ፣ ለእኔ እስከ አፉ። "ላንተ ጨመር አድርጌልሃለሁ" ትለኛለች። እኔም "አመሰግናለሁ" እላታለሁ። ከዚህ የረዘመ ወሬ አውርተን አናውቅም። ማታ ቤቴ ጋደም ስል ግን ያልነገርኳትን ሁሉ ጥርት ባለ አማርኛ እነግራታለሁ።

"ጁስ እጠጣለሁ" አልኳት ሐኪሟን።

"በቀን ስንት?"

ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ ትክክል ነበር፤ እያንዳንዱ ቃል ግን አንድ አንድ ወንበር ከጁስ ቤቱ እያነሣ ወደ ውጭ የሚጥል መሰለኝ። ፍሬውን እንደ ፍሬ፣ ያውም በልክ ብበላው ሌላ ነገር ነው፤ ተፈጭቶ፣ ስኳር ተጨምሮበት ሲጠጣ ግን ደም ውስጥ የሚገባው እየሮጠ ነው አለች። እንጀራውን ቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ጨመር። ኪኒኑን ከምግብ ጋር። ውሃ።

"ምሳህን ከበላህ በኋላ ደግሞ አትቀመጥ። ፈጠን እያልክ ሂድ።"

"ወዴት?"

"ወዴትም! ብቻ ሂድ። በሚቀጥለው ቀጠሮህ ካልወረደ መርፌ እንጀምርልሃለን። መርፌው አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ስኳሩ እንደዚህ ሆኖ መቆየቱ ነው። ሲወርድ ዓይንህም ይጠራል።"

ስወጣ የጨነቀኝ መርፌው አልነበረም፤ ሰናይትን ምን እንደምላት ነበር። ስኳር በእኛ ሰፈር የጡረተኛ በሽታ ነው። ስኳር አለበት የተባለ ሰው ከዘራና ክፍት ጫማ ይዞ ነው በሰው ሐሳብ ውስጥ የሚገባው። እኔ ደግሞ በእሷ ሐሳብ ውስጥ ከነጭራሹ መግባቴን እንኳ ሳላውቅ በከዘራ ልግባ? ሌላም አለ። አንዲት ልጅ ወድዳ፣ ፈቅዳ፣ ከሌላው ሰው አስበልጣ ያፈሰሰችልኝን ሽሮፕ "ለዚህ ዳረገኝ" ማለት እንዴት ያለ ውለታ ቢስነት ነው! ከሚኪ በቀር ለማንም ላልናገር ወሰንኩ። ዝም ማለት እንደሆነ እችልበታለሁ።

ጁስ ቤት መግባቴን አቆምኩ፤ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

መንገዱን አጥንቼ ነው የያዝኩት። ከሰዓት በኋላ ጥላው በየትኛው በኩል እንደሚወድቅ፣ ክዳኑ የተነሣ ቦይ የት ጋ እንዳለ፣ ብረት የሚበይዱት ሰዎች ብልጭታ እስከየት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ከአብነት እነሣና በጌጃ ሰፈር አድርጌ፣ የጠመንጃ ያዥን መንደሮች ዞሬ እመለሳለሁ። ጁስ ቤቷ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ስሄድም ስመለስም አልፋለሁ። አጋጣሚ ነው ብላችሁ አታምኑኝም።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ጫማ ጠጋኝ መዶሻውን አየር ላይ አቁሞ "ማን ሞተ?" አለኝ።

"ማንም።"

"ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?"

ጠመንጃ ያዥ ስደርስ ደጃቸው ላይ ሽንኩርት የሚልጡ እናት "ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ። እንደ እኔ ያለ ሰው በጥያቄ መሃል መዋሸትም ማስረዳትም ያቅተዋል፤ ወደ መሬት አየሁ። እሳቸውም ወደ መሬት አዩ። ቢላቸውን አስቀምጠው ከእኔ ጋር ጎንበስ ብለው እስከ አጥሩ ጥግ ፈለጉ። በማግስቱ "አገኘኸው?" ሲሉኝ "አዎ" አልኳቸው። "ተመስገን!" ብለው ወደ ሰማይ አዩ። ምን እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የጁስ ቤቷን ማዶ ነው። የማንጎ ልጣጭ ሽታ መንገድ አቋርጦ ይመጣል። የእኔ ወንበር፣ የግድግዳው ጥግ ያለችው፣ አንዳንዴ ባዶዋን ናት፣ አንዳንዴ ሌላ ሰው ተቀምጦባታል። ሰው ሲቀመጥባት እናደዳለሁ፤ ባዶዋን ሳያት ደግሞ ይብስብኛል። ሰናይት አንገቷን ደፍታ ስትሠራ ፀጉሯን የያዘችበትን ጨርቅ ብቻ አያለሁ። ቢጫ ሲሆን ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሰው ሲናፍቅ በትንሽ ነገር ነው የሚጠግበው።

አንድ ቀን ቀና አለችና አየችኝ።

"አንተ!" አለች በታክሲዎቹ መሃል። "ምነው ጠፋህ? ጁሳችን መረረህ እንዴ?"

በዚያች ቅጽበት ከፊቴ ያለው የመብራት እንጨት ላይ "የሚከራይ ቤት አለ" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ምላሴ ያገኘውን ይዞ ሮጠ።

"ቤት! ቤት እየፈለግሁ ነው!"

ችግሩ፣ ጁስ ቤቷ ደጃፍ ላይ ጋሽ ዘርጋው ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ዘርጋው የሰፈሩ ደላላ ናቸው፤ ደርባባ፣ ቦርጫም፣ ድምፃቸው መንገድ የሚያሻግር። መኪና ሳያዩ ተሻግረው መጡና ክንዴን ያዙኝ።

"እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አንተ ከእንጨት ላይ ቤት ታነባለህ? ነውር አይደለም? ና!"

ሄድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳዬን በልቼ እጄን ሳልታጠብ ጋሽ ዘርጋው ሱቄ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። "ተነሥ፣ አንድ ቤት ተገኝቷል፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመን!" ሐኪሟ ያለችው ፍጥነት ይህ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው የሚሄድ ሰው ፍጥነት።

ያየናቸውን ቤቶች ሁሉ ብነግራችሁ ይመሻል። አንዱ ቤት አልጋ ከገባ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ከተከፈተ አልጋ አይገባም። ጋሽ ዘርጋው "አልጋውን አስገብተህ አንተ በመስኮት ትገባለህ፤ ወጣት አይደለህ?" አሉኝ። ሌላው ቤት መሃሉ ላይ ጣሪያውን የደገፈ ምሰሶ አለ። "ልብስ ትሰቅልበታለህ።" የኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ አይወጣም፤ እኛ ግን ወጣን። ጋሽ ዘርጋው በየፎቁ እየቆሙ፣ ግድግዳ እየተደገፉ፣ "አየሩ... አየሩን ነው... የምትከራየው" እያሉ ደረሱ።

እንደማልከራይ ስለማውቅ ለእያንዳንዱ ቤት ነውር መፈለግ ነበረብኝ፤ ነውር መፈለግ ደግሞ ሥራዬ ነው። ከኪሴ ብሎን አውጥቼ ወለሉ ላይ አስቀምጣለሁ። ከተንከባለለች "ወለሉ ያዘነብላል" እላለሁ።

"አንተ ልጅ፣ የምትከራየው ቤት ነው ወይስ ኳስ ሜዳ?"

አንድ ቤት ላይ ግን ብሎኗ አልተንከባለለችም። ጌጃ ሰፈር ውስጥ፣ ከግቢ ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ጋሽ ዘርጋው ውጭ ከአከራይዋ ጋር ሲከራከሩ ብቻዬን ቆምኩ። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግታለች። ሳላስበው ጠረጴዛው የት እንደሚሆን ለካሁ። አንድ ወንበር በዚህ፣ ሌላኛውን ደግሞ ብርሃኑ ብርጭቆ ላይ በሚያርፍበት በኩል። ምሽት ላይ አንዷ ሰው ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን የምታወልቅበትን ቦታ ሳይቀር አየሁት። እንዳልረግጠው ዞር ብዬ ቆምኩ። ካልኖርኩበት ቤት፣ ጀምሬው ከማላውቀው ኑሮ መለየት እንደዚያ ያሳዝናል ብዬ አላስብም ነበር።

አከራይዋ ሴትዮ ገቡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ብቻህን ነህ? ወንደላጤ አላስገባም።"

ጋሽ ዘርጋው እግሬን ረገጡኝ። "ምን ብቻውን! ሙሽራ ነው እንጂ! ሊያገባ ነው።"

የሴትዮዋ ፊት በራ። "እሰይ! ማንን?"

"የሰፈር ልጅ ናት" አሉ ጋሽ ዘርጋው።

እኔ ምን አልኩ? ምንም። እግሬ ተረግጦ፣ ልቤ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ፣ ምን ልበል? ስንወጣ "ለምን እንዲህ ይላሉ?" ብላቸው "ቤት እንዲሰጡህ ነዋ! ከገባህ በኋላ ፈታኋት በል" አሉኝ።

በዚህ መሃል ብሎኖቼ መንታቸውን ተዉ። አንዱ አንድ ሆነ። የሽንት ቤቱ ቁልፍም ሚስማሩ ላይ ተመልሶ ተሰቀለ። የቀጠሮዬ ቀን በባዶ ሆዴ ሄጄ ጣቴን ሰጠሁ። ሐኪሟ መለኪያውን አይታ ፈገግ አለች።

"ወርዷል! በደንብ ወርዷል። ምን አደረግህ?"

"ቤት ፈለግሁ።"

"እ?"

"በእግሬ ሄድኩ ማለቴ ነው።"

"ቀጥልበት። ኪኒኑን እንዳታቋርጥ፤ ወረደ ማለት ለቀቀህ ማለት አይደለም።"

መርፌው ቀረ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ለሰው መንገር አማረኝ። እንደዚያ ቀን ሰው ያማረኝ ጊዜ የለም። ልነግራት የፈለግሁት ሰው ግን ስኳሬ መውጣቱንም አታውቅም፤ መውረዱን በምን ልጀምርላት?

ስልኬ ጮኸ። ሚኪ ነው።

"እንኳን ደስ አለህ!"

"እንዴት ሰማህ?"

"ሰፈሩ ሁሉ ያወራል እኮ! ስኳርህን ለእኔ ነግረህ ሠርግህን ትደብቀኛለህ? ማናት?"

ስልኩን ዘጋሁት። ሰፈሩ ሁሉ ማለት ጁስ ቤቱም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሄድኩት አካሄድ የሐኪም አይደለም።

ስደርስ ጁስ ቤቷ ሞልታለች። ጋሽ ዘርጋው የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። "ሙሽራው መጣ!" ሲሉ ሰው ሁሉ ዞረ፤ አንዲት ሴትዮ እልል አሉ። ሰናይት ከውስጥ ትልቁን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ቀዩ ሽሮፕ እስከ አፉ ደርሷል።

"የቤቱ ግብዣ ነው" አለች። "እንኳን ደስ አለህ።"

ዓይኔን አላየችም። ብርጭቆውን ተቀበልኩና አየሁት። ማንጎው አቮካዶው ውስጥ ገብቷል፣ ፓፓያው የት እንዳለ አይታወቅም። የእሷ እጅ እንዲህ ዓይነት ስፕሪስ ሠርቶ አያውቅም።

"ጠጣ እንጂ!" አሉ ጋሽ ዘርጋው። "ለሠርግህ ቀርቦልህ እምቢ ልትል ነው?"

እውነቱን ልናገር፣ እስከ ከንፈሬ አድርሼው ነበር። ሽታው ያንን ሁሉ ከሰዓት በኋላ መልሶ አመጣብኝ፤ ጥጓን፣ ወንበሯን፣ "ጨመር አድርጌልሃለሁ" የሚለውን ድምፅ። አንድ ጊዜ ብጎነጭ ማን ያውቃል? ግን ከጠጣሁት እንደማገባ ሰው ነው የምጠጣው፤ ይሄኛው ከስኳሩ ባሰብኝ። አወረድኩት።

"አልችልም። ስኳር አለብኝ።"

መጀመሪያ የተነፈሱት ጋሽ ዘርጋው ናቸው።

"ለሙሽራይቱ ነግረሃታል?"

"ሙሽራ የለችኝም፤ እርስዎ ነዎት ያመጧት።"

"ቤቱስ?"

"ቤትም አልፈልግም ነበር። ሐኪም ከምሳ በኋላ ሂድ ብሎኝ ነው።"

ጋሽ ዘርጋው ቀስ ብለው ተነሡ። "ሐኪም አንተን ሂድ አለህ። እኔን ማን አለኝ? እኔን አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን አዘዘኝ?"

"ጋሼ፣ ቦርጭዎ ግን ቀንሷል" አለ አንዱ ከጀርባ።

ጋሽ ዘርጋው ሆዳቸውን ዳሰሱ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ከሳቁ በኋላ ሁሉም ሐኪም ሆነ። "አብሽ በባዶ ሆዱ!" "ሽፈራው ነው እንጂ ቅጠሉን አፍልቶ!" "ሬት ጨምቆ ነው፣ የወንድሜን ባል ያዳነው ሬት ነው!" "ወንድምሽ ባል አለው እንዴ?" "የእህቴን ማለቴ ነው፤ አቦ አታቋርጠኝ!" ክርክሩ ሲጦፍ በሽተኛው እኔ መሆኔን ረሱት።

ሰናይት ጠጋ አለች።

"ከእኔ ጁስ ነው?"

"አይደለም። አባቴም ነበረበት። የመጣብኝ ከዘር ነው፤ ያበዛሁት እኔ ነኝ።"

"ሽሮፑን እኔ ነኝ የጨመርኩልህ።"

"እሱ ጥሩ ነበር።"

የያዝኩትን ብርጭቆ አየች። "ውሃ ይዘህ መቀመጥ አትችልም ነበር? ማን ያስነሣሃል?"

አስቡት። ያ ሁሉ ቤት፣ ያ ሁሉ ደረጃ፣ በመስኮት የሚገባበት አልጋ ሳይቀር፤ ውሃ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

"አላሰብኩትም" አልኳት።

"እሺ..." አለችና የመደረቢያዋን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች። ድምፅዋ ከበፊቱ ቀነሰ። "በየቀኑ በዚህ በኩል ስታልፍ አይህ ነበር። ስትሄድም ስትመለስም። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር... ለካ ለሕክምናህ ነው። ሐኪሙ ነው በዚህ በኩል ሂድ ያለህ?"

እስከዚያ ቀን ያልነገርኳት ነገር ሁሉ፣ ጋደም ብዬ ያዘጋጀሁት ጥርት ያለ አማርኛ ሁሉ፣ አንድም ቃል ሳያስቀር ጥሎኝ ሄደ። የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነበር።

"አይደለም። ሐኪሟ ወዴትም ሂድ ነው ያለችኝ። መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ፤ ፈገግታዋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ ምንም ሳትናገር ወደ ውስጥ ገባች፤ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመችና መፍጫ ማሽኑን አስነሣችው። ጩኸቱ ቤቱን ሞላው፤ ጋሽ ዘርጋው የአብሹን ጉዳይ በእሱ ላይ ጮኸው መናገር ግድ ሆነባቸው።

እኔ ከቆምኩበት ማሽኑ በደንብ ይታየኛል፤ ዓይኔ ጠርቷል። ውስጡ ምንም የለም። ማንጎ የለም፣ ውሃ የለም፣ ባዶውን ነው የሚሽከረከረው። ባዶ ማሽን እንደዚያ ሲቆይ ሞተሩ ይቃጠላል። ልነግራት አሰብኩና ተውኩት።